የጉና ዳገትና ሁለቱ የናፍጣ ሞተሮች

ሰው ሳያውቅ አዋቂ የሚባልበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔ የተባልሁት በጠመኔ ነው። በደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሞተር ሥዕል እስላለሁ፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በቀስት አሳያለሁ፤ ደወል ይደወላል፤ አጠፋዋለሁ። ከሞተር ጋር የነበረን ዝምድና ይኸው ነው። መኪና መንዳት አልችልም። ከብስክሌት ጋር እንኳ አንድ ጊዜ ጥሎኝ ከተኳረፍን ወዲህ ሰላምታ የለንም።

ከተማሪዎቼ አንዱ ግን ያቺን ሥዕል ለአባቱ ሳይነግር አልቀረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ጠበቁኝ። አንደኛው አቶ ፈንቴ ናቸው፤ ጉና ተራራ ላይ ያሉት ቀበሌዎች የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር። ሁለተኛው የኔታ ልሳነ ወርቅ፤ እዚያው ሰበካ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ማኅበሩ እሳቸው ያልመረቁትን ድንች እንኳ አይተክልም።

“መምህር፣ ሞተር የምታስተምረው አንተ ነህ አሉ?” አሉኝ አቶ ፈንቴ።

“ሥዕሉን ነው እንጂ እኔ እንኳ…”

“ሥዕሉን ካወቅህ ዋናውን መች ታጣዋለህ” አሉ የኔታ፣ ነገሩ እንዳለቀ ሁሉ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በድርቁ ጊዜ ለእርዳታ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን እየሸጡ ነበር። ከሚሸጡት ውስጥ ሁለት ከፍ ከፍ ያሉ፣ አራቱም ጎማቸው የሚጎትት፣ ውስጣቸው አልጋ የተዘረጋባቸው መኪኖች አሉ። ፈረንጆቹ ገጠር ሲወጡ የሚያድሩባቸው ነበሩ። ማኅበሩ ገብሱንና ድንቹን ሸጦ አንዷን ሊገዛ ተስማምቷል፤ እኛ የተውናትን የእብናት ማኅበር ይወስዳል።

“ለምን መሰለህ፣” አሉ አቶ ፈንቴ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ “እኛ ዘንድ የታመመ ሰው በቃሬዛ ነው የሚወርደው። ወንዱ እየተቀባበለ ከጧት እስከ ማታ ይሸከማል። ምጥ የያዛት ሴት ስትሆን ግን… መንገድ ላይ ቀርተውብናል። እያየናቸው።”

ሰው እንዲህ ሲልህ “እኔ የማውቀው የጠመኔ ሞተር ነው” ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። ድፍረቱን አሰባስቤ አፌን ስከፍት አቶ ፈንቴ ቀጠሉ፦

“ከሁለቱ መኪኖች የሚመርጠው ኮሚቴ እኔ ነኝ፣ የኔታ ናቸው፣ ሾፌሩ ሽበሺ ነው። ከሆስፒታሉ ደግሞ አዋላጂቱ ሲስተር ውባለም አለች።”

እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝ። ሲስተር ውባለም የዚያን ዓመት ነው ደብረ ታቦር የተመደበችው። በገበያ መንገድ ስታልፍ ካየኋት ጀምሮ እንዴት እንደምቀርባት ስጨነቅ ከርሜያለሁ። ሌላ ነርስ ብትሆን ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ እሄድ ነበር። አዋላጅ ናት! ወንድ ልጅ ምን ዓይነት በሽታ ይዞ ነው አዋላጅ ዘንድ የሚሄደው? ስንት ሌሊት ተገላብጬ አንድም ሕመም አላገኘሁም።

“ሞተሩ የናፍጣ ነው የቤንዚን?” አልሁ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

“የናፍጣ።”

“ናፍጣማ የኔ ነገር ነው” አልሁ።

ቅዳሜ ጧት መኪኖቹ ወደቆሙበት ግቢ ሄድን። ባሕር ዛፍ ሥር መንታ መስለው ቆመዋል። ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ውስጣቸውም አንድ፤ የሚታጠፍ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሣጥን፣ የጋዝ ምድጃ፣ እጅ መታጠቢያ፣ አበባ ያለበት መጋረጃ። የኔታ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ቀስ ብለው ጋደም አሉ።

“የኔታ፣ እንዴት ነው?” አልናቸው።

“ገና እያየሁት ነው” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልዩነቱ ያለው ከኮፈኑ ሥር ነው። ሽበሺ ኮፈኖቹን ከፍቶ አስረዳን። እሱ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ሞተር ሲናገር ስለ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። አንደኛው ሞተር አሮጌ፣ ትልቅና አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሲነሣ ወፍጮ ቤት የገባህ ይመስልሃል። ሁለተኛው አዲስና አነስ ያለ ነው፤ ግን ቱርቦ የሚባል አየር እያፈነ የሚያጎርሰው ዕቃ አለው፤ ጉልበቱ ኃይለኛ፣ ድምፁ ለስላሳ። አቶ ፈንቴ ጥቂት አዳመጡና ስም አወጡላቸው፤ አሮጌውን በሬው፣ አዲሱን ፈረሱ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዋቂው እኔ ነኛ!

ኮቴን አወለቅሁ። ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዤ በነጭ መሐረቤ ጠረግሁት። አየሁት። አሸተትሁት። ሲስተር ውባለም አጠገቤ ቆማ ታያለች። አሁንም የምትጠብቀው ነገር ያለ መሰለኝ፤ ስለዚህ ቀመስሁት።

“ምን ይላል?” አለችኝ።

“ደኅና ነው። ጤነኛ ነው።”

“የደም ግፊቱስ?”

ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት የለም። ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ የምታነበው ባለቤቴ “መቅመስ ብቻ አይደለም፣ ውጠኸዋል” እያለች ነው። አልዋጥሁትም። ትንሽ ነው።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። እኔና ሽበሺ ለፈረሱ ቆምን። ጉና ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ላይ ሞተር ይታፈናል፤ አየር የሚያጎርሰው ያለው ግን ዳገቱን ይበላዋል አልሁ። ይህንን እንኳ በእውነት አውቀው ነበር፤ መሬት ላይ በእንጨት ሥዬ አስረዳሁ። አቶ ፈንቴ ለበሬው ቆሙ። “ያ የሚያጎርሰው ዕቃ የታመመ ዕለት ማን ያጎርሰዋል? እኔ ነኝ?” ይላሉ። የኔታ የሁለቱም አልጋ ጥሩ ነው ብለው መሐል ቀሩ። ሲስተር ውባለም ለማንም አልወገነችም።

ክርክሩ ከግቢው ወጥቶ ከተማ ገባ። ጠጅ ቤት ጠጪዎቹ ፈረስና በሬ ሆነው ተለያዩ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሒሳቡና የታሪኩ መምህር በበሬው የተነሣ ሻይ አብረው መጠጣት አቆሙ። ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ አንዱ በሬ ሥሎ ጭስ አውጥቶለታል። የቀበሌው የውይይት ክበብ ደርሶ፣ ስለ ምርት ዘመቻ ይወራበት የነበረው ስብሰባ ስለ ቱርቦ ሆነና ካድሬው ግራ ቢገባው እጁን አንሥቶ፣ “ጓዶች፣ ከሁለቱ ሞተሮች የትኛው ነው ከሶሻሊስት አገር የመጣው?” ብሎ ጠየቀ። አንዱም እንዳልመጣ ሲነገረው አዝኖ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ሲስተር ውባለም ተናገረች። “በወሬ ለምን እንደክማለን? ሕመምተኛ ጭነን ጉና ወጥተን እንያቸው። አንድ ቀን አንዱን፣ በማግሥቱ ሌላውን።”

“ሕመምተኛ ከየት እናመጣለን?” አሉ አቶ ፈንቴ።

የኔታ ቀድሞውኑ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

መጀመሪያ ፈረሱን ወሰድን። ክምር ድንጋይ ከተማን አልፈን ዳገቱን ስንይዘው ሽበሺ ማርሽ ቀይሮ ረገጠው፤ መኪናይቱ እንደ ወፍ ወጣች። ገብሱ፣ የበጎቹ በረት፣ የድንጋይ ካቡ በመስኮት ይሸሻል። እኔ ራሴ የሠራሁት ይመስል ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። ጅብራው የሚበቅልበት፣ ጉሙ መሬት የሚልስበት ከፍታ ላይ ደርሰን ቆምን።

ሲስተር ውባለም ከቦርሳዋ እንደ ትንሽ መለከት ያለ የእንጨት ማዳመጫ አወጣች። ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አስቀምጠው የፅንስ ልብ የሚሰሙበት ነው። የኔታ ደረት ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደገፈችበት።

“አይሰማኝም። ሞተሩን አጥፉልኝ።”

“ሲስተር፣ ቱርቦ ዳገት ወጥቶ ወዲያው አይጠፋም” አለ ሽበሺ። “ግሏል፤ ትንሽ መተንፈስ አለበት። አለበለዚያ ይቃጠላል።”

“ሕመምተኛዬስ?”

“እሳቸውም ይተንፍሱ።”

ጠበቅን። ጠፋ። የየኔታን ልብ፣ ደረታቸውንም ጀርባቸውንም እያገላበጠች፣ ብዙ ቆይታ ሰምታ “ደኅና ናቸው” አለች። ሽበሺ ቁልፉን አዞረ። ፈረሱ ዝም። ደገመ። ዝም። ከጉና አናት የሚወርደው ብርድ እሷ እስክትጨርስ ድረስ ገብቶበታል፤ ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን የሚያሞቀው ዕቃ አልሠራ አለ፤ ባትሪው ደከመ። ወርደን መግፋት ጀመርን። የኔታ ግን ከአልጋው አልተነሡም።

“የኔታ፣ ይውረዱ እንጂ!”

“ሕመምተኛ መኪና ሲገፋ ታይቶ ያውቃል?” አሉ ከመጋረጃው ውስጥ።

ገፋን። ቁልቁለቱን ስታገኝ አጓርታ ተነሣች፤ እኔ ጭቃው ላይ በደረቴ ተዘርሬ ቀረሁ፤ ሽበሺ ደግሞ እንደገና እንዳትጠፋበት ፈርቶ ሳይቆም የኔታን ይዞ ወረደ። አቶ ፈንቴ “ሕመምተኛችንን!” እያሉ ተከተሉት። እኔና ሲስተር ውባለም ብቻችንን በእግር ቀረን። እስከ ደረቴ ጭቃ ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መሐረቧን ሰጥታኝ አብረን ወረድን። ስለ ሥራዋ ነገረችኝ። “ሴት ስታምጥ ቤተ ሰቡ ይጮኻል፣ ጎረቤቱ ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች። እኔ ከሁሉ ይልቅ የምፈልገው ትንሽ ጸጥታ ነው። ያቺን ልብ ከሰማሁ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ካልሰማሁ ግን እንደ ዕውር ነኝ” አለችኝ። መሐረቧን እንደጨበጥሁ አዳመጥሁ። በዚያ ሰዓት ስለ ናፍጣ ብታወራም እንዲሁ አዳምጣት ነበር።

በማግሥቱ በሬውን ይዘን ወጣን። እንደዚያ ያለ አወጣጥ አይቼ አላውቅም። አንድ በግ የሚነዳ ሽማግሌ ከዳገቱ ሥር ጀምሮ በመስኮቱ በኩል ከየኔታ ጋር እያወጋ አብሮን ወጣ፤ ስለ ሰበካው፣ ስለ ገብሱ ዋግ፣ ስለሞተው አጎቱ። አንድ ቦታ ላይ ግን “በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልቅደም” ብሎ ተሰናበተንና በጎቹን ይዞ ተሰወረ። ሽበሺ በኀፍረት መሪው ላይ ደገፍ አለ። እኔም ክርክሩ አለቀ፣ አሸነፍን ብዬ አቶ ፈንቴን አየኋቸው። እሳቸው ወደ ውጭ ያያሉ።

አናቱ ጋ ልንደርስ ስንል ከላይ ሰዎች ሲሮጡ ታዩን። ቃሬዛ ተሸክመዋል። ከኋላ አንዲት አሮጊት እመቤታችንን እየተጣሩ ይከተላሉ። ሽበሺ ከመቆሙ በፊት ሲስተር ውባለም ወርዳለች።

ምጥ የያዛት፣ ገና ልጅነቷ ያልለቀቃት ሴት ናት፤ አለሚቱ ትባላለች። ምጡ ከትናንት ጀምሮ ይዟታል። ፊቷ አመድ መስሏል። አሮጊቷ አማቷ ናቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ከንፈሩ የደረቀው ወጣት፣ ባሏ ነው።

“የኔታ!” አለች ሲስተር።

የኔታ ከአልጋው ላይ እንዲያ ዘልለው ሲነሡ ያያቸው የቅኔ ተማሪያቸው ቢኖር መምህሬ አይደሉም ይል ነበር። ከሽበሺና ከአቶ ፈንቴ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። አለሚቱን አስተኛናት፤ አማቷ እግሯ ሥር ሆኑ። ባልየውን “ግባ” አልነው።

“ወንድ ምጥ ላይ ምን ይሠራል? አልገባም” አለ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። “በአቋራጭ በእግሬ እቀድማችኋለሁ።” ብሎም ቁልቁል ሮጠ።

ወንድ ምጥ ላይ አይገባም ከተባለ እኔም ለመውረድ ተነሣሁ። ሲስተር ውባለም ቀና አለች።

“አንተ የት ነው? እራስጌዋ ተቀመጥና እጇን ያዝ!”

ልብ በሉ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ “እርስዎ” ነበር የምንባባለው። አንተ አለችኝ። ተቀመጥሁ። አለሚቱ እጄን ሳይሆን ከረቫቴን ያዘች፤ ምጡ ሲመጣ ወደ ታች ትጎትተዋለች፤ ትንፋሽ አጥሮኝ አብሬያት አማጥሁ።

ሽበሺ መኪናዋን አዞረና ቁልቁለቱን ጀመርን። ሲስተር ውባለም ማዳመጫዋን የአለሚቱ ሆድ ላይ አድርጋ ሞከረች። በሬው ያጓራል፤ ቁም ሣጥኑ፣ ምድጃው፣ መስተዋቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የመኪናዋን ግድግዳ በጡጫ መታችው።

“አጥፋው!”

ሽበሺ ወዲያው አጠፋው። ጉና በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ነፋስ ብቻ። አማቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሲስተር ውባለም ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

“አለ” አለች። “ሂድ!”

ሽበሺ ቁልፉን ነካው፤ በሬው ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሣ።

ከጥቂት መታጠፊያ በኋላ እንደገና ግድግዳው ተመታ። እንደገና ጸጥታ። በዚህ መሐል ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ባልየው ብቅ አለ፤ አቋራጩን ዘልሎ ደርሶብናል። አልገባም፤ መኪናዋን ተደግፎ ቆመ፤ ትንፋሹ እንዳይሰማ አፉን በጋቢው አፍኗል።

“አለ።”

ሰማና እንደገና ቁልቁል ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያልን ወረድን፤ በሬው ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል፤ ባልየውም በየመታጠፊያው ከገብስ ማሳ፣ ከካብ ሥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሰው ጓሮ እየወጣ ቃሏን ሰምቶ ይሮጣል። ቀድሞን የሄደውን በግ ነጂ ሽማግሌም አገኘነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ በጎቹን ከመንገድ አስወጣልን።

ክምር ድንጋይ ልንደርስ ስንል ዝምታው ረዘመ። ሲስተር ውባለም ማዳመጫውን ወደ ግራ አዛወረች። ወደ ታች አደረገችው። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ከፊት ወንበር ወደ እኛ የዞሩት የኔታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አያወጡም፤ ጸሎታቸው እንኳ እንዳይረብሻት ፈርተው። አለሚቱ ከረቫቴን ለቀቀችና ዓይኔን አየችኝ። እኔ ምን አውቅልሻለሁ? እጇን ያዝሁ። አቶ ፈንቴ ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ጀርባቸውን ብቻ ነው የማየው፤ ያ ሰፊ ጀርባ ሲያንስ አየሁት።

“አለ” አለች በመጨረሻ፤ በሹክሹክታ ነው። “ደክሟል፤ ግን አለ። ሽበሺ፣ ከእንግዲህ አታቁም!”

ከዚያ ወዲያ በሬው ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ጉልበት አወጣ። ሽበሺ ጥሩምባውን ሳይለቅ ደብረ ታቦር አስገባን። ሐኪሙ ተጠርቶ፣ አለሚቱን ሲስተርና ሐኪሙ ይዘዋት ገቡ፤ አማቷም ተከተሉ፤ በሩ ተዘጋ።

እኛ ግቢው ውስጥ መኪናዋ ጥላ ሥር ቁጭ አልን። እኔ አንገቴን አሻሻለሁ። ብዙ ቆይተው የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እኔ የምለው፣” አሉ፣ “ይኼን ሁሉ ቀን የተጨቃጨቅነው ስለ ዳገት ነው አይደል?”

“አዎን።”

“ሕመምተኛ ግን ወደ ጉና አይወጣም። ከጉና ነው የሚወርደው።”

ሽበሺ ቀና ብሎ አያቸው። እኔ መሬት ላይ በእንጨት የሣልሁት ዳገት ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ፤ አቶ ፈንቴም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ስንወጣ ባዶ ነን፤ በግ ነጂ ቢቀድመን ማን ይሞታል? ስንወርድ የሚያስፈልገን አዋላጂቱ አጥፉ ስትል የሚጠፋ፣ ሂዱ ስትል የሚነሣ ነው። ፈረሱ ለእብናት ይሁን ተባባልን፤ እዚያ ቆላው ውስጥ ብርድ የለበትም፤ በሰላም ይጋልብ።

ወሬያችን ሳያልቅ የሕፃን ለቅሶ ሰማን። የኔታ ብድግ አሉ። ሽበሺ የበሬውን ኮፈን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አቶ ፈንቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው እንደተቀመጡ ቀሩ።

ሲስተር ውባለም ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ቆቧ ወልቋል፤ ጸጉሯ ተበትኗል። ወደ እኔ ልትመጣ ስትል በሆስፒታሉ አጥር በኩል አንድ ሰው እየተደናቀፈ ገባ። ባልየው ነው። ከክምር ድንጋይ በኋላ አቋራጩ አልቆበት በአውራ ጎዳናው ሲሮጥ ኖሯል። ጋቢው የለም። አንድ ጫማ የለም። ፊቱ በአቧራና በላብ የተለሰነ ነው። እኛን ሁላችንንም አልፎ ሲስተር ውባለም ፊት ቆመና፦

“አለ?” አላት።

“አለች” አለችው።

አልገባውም። ቆሞ አያት።

“ሴት ናት። ልጅህ ናት የምትጮኸው፤ አትሰማም?”

አዳመጠ። ሰማ። ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ከተቀመጠበት ሆኖ ቀና አለና፣ ሊጠይቅ የፈራው ይኸኛውን እንደነበር በሚያስታውቅ ድምፅ፦

“እናትየዋስ?” አለ።

ሲስተር ውባለም አጠገቡ በርከክ አለችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

“እሷም አለች።”